ሰባው ኪሎ የይሉኝታ ነው

ጥያቄ፦

«ሰላም ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የምኖር የ26 ዓመት ወጣት ነኝ። ሥራዬ ሴራሚክ ማንጠፍ ነው። ቁመቴ 1 ሜትር ከ78፣ ክብደቴ 64 ኪሎ። ሰፈራችን ባለች አንዲት ጂም ብረት ማንሳት ከጀመርኩ ዓመት ከሦስት ወር ሆነኝ። ደረቴና ክንዴ ሞልቷል፤ እግሬ ግን ያው ነው። ስኳት፣ ማለትም ብረት ትከሻ ላይ ጭኖ ቁጭ ብድግ፣ 120 ኪሎ እሠራለሁ፤ ነገር ግን ብዙ አልወርድም፣ ጉልበቴን ሰበር አድርጌ እመለሳለሁ። አሠልጣኛችን ‹ከ90 ዲግሪ በታች የወረደ ጉልበቱን ያጣል› ብሎ አስጠንቅቆናል። እዚያው የሚሠራ አንድ ልጅ ግን 70 ኪሎ ጭኖ መቀመጫው ተረከዙ ጋ እስኪጠጋ ይወርዳል፤ ጭኑ የእኔን ሁለት ያህላል። አንድ ቀን እንደ እሱ ልሞክር ብዬ በ50 ኪሎ ብወርድ ተንቀጠቀጥኩ፤ ልጆቹ ሳቁብኝ። ደግሞ ሰሞኑን ደረጃ ስወጣ ግራ ጉልበቴን ከፊት ለፊቱ ያመኛል። ጓደኞቼ ‹ሸንበቆ› ስለሚሉኝ ቁምጣ መልበስ ትቻለሁ። በግማሽ ልቀጥል ወይስ ሙሉውን ልውረድ? እግረ ቀጭኑ ነኝ፣ ከኮዬ ፈጬ።»

መልስ፦

ወንድሜ እግረ ቀጭኑ፣ ውረድ። ተረከዝህ ከመሬት ሳይነሳ፣ ወገብህ ሳይጎብጥ መሄድ እስከምትችልበት ድረስ ውረድ፤ ብረቱንም ወደ 50 መልሰው። የተሳቀብህ ቀን የሠራኸው ነበር ስኳት። ዓመት ከሦስት ወር ስትሠራው የከረምከው ግን፣ እንዴት ልበልህ፣ በ120 ኪሎ እጅ መንሳት ነው።

ቅር እንዳይልህ። እኔም ብዙ እጅ ነስቻለሁ። በወጣትነቴ አቃቂ፣ አንድ ጓደኛችን ግቢ ውስጥ፣ የቀለም ጣሳ ሲሚንቶ እየሞላን በውሃ ቧንቧ ጫፍና ጫፍ እየሰካን ነበር የምናነሳው። ጣሳው ስንት ኪሎ እንደሚመዝን የሚያውቅ አልነበረም፤ «ሁለት ትልቅና ሁለት ትንሽ አነሳሁ» ነው የሚባለው። ቅዳሜ ከሰዓት የሰፈር ልጅ አጥሩ ላይ ተደርድሮ ሲያየን ታዲያ ማን ጥቂት ጭኖ ብዙ ይወርዳል? ብዙ ጭኖ ጥቂት ዝቅ ማለት ነው እንጂ። ሁለት ዓመት እንደዚያ ሠራሁ። ወገቤ ደከመ፣ ትከሻዬ ቧንቧው ያረፈበት ቦታ ተላጠ፣ እግሬ ግን ምንም አልሆነም። በኋላ አንድ ታላቃችን ከጎኔ ቆሞ አየና «አንተ ልጅ፣ መቼ ነው የምትጀምረው?» አለኝ። ለመጀመር እየተዘጋጀሁ መስሎት ነበር!

ስለዚህ ሂሳቡን እንሥራ። ሙሉውን ስትወርድ የምትችለው 50 ነው። አንተ ግማሽ ባልከው፣ እኔ ግን ሩብ በምለው አወራረድ የምትጭነው 120 ነው። ልዩነቱ ሰባ ኪሎ የይሉኝታ ነው፤ ለአሠልጣኙ፣ ለልጆቹና ለመስታወቱ የተጫነ። ስለ ቁጥሩም ቢሆን እርግጠኛ አትሁን። በየሰፈሩ ጂም ብየዳ ቤት የተሠሩ ዲስኮች አሉ፤ 20 ተብሎ ቀለም የተቀባበት ሚዛን ላይ ሲወጣ ሌላ ይሆናል። እኔ አንዱን የአትክልት ሻጭ ሚዛን ላይ አስቀምጬ ታዝቤአለሁ።

አሁን ለምን ሩቡ እንደማይሠራ በጀሪካን ላስረዳህ። ውሃ በጠፋ ቀን ባለ 20 ሊትሩን ከጎንህ አንጠልጥለህ፣ በየፎቁ እያረፍክም ቢሆን፣ አራተኛ ታደርሰዋለህ። ያንኑ ጀሪካን ክንድህን ወደ ፊት ዘርግተህ ያዘው ብትባል ግን ለአፍታም አትችልም። ክብደቱ አልጨመረም፤ የጨመረው ከትከሻህ ያለው ርቀት ነው። ስኳትም እንዲሁ ነው። ቀጥ ብለህ ስትቆም ብረቱ፣ ዳሌህ፣ ጉልበትህና እግርህ አንዱ ባንዱ ላይ ተደርድረዋል፤ ሸክሙን በአብዛኛው የሚችለው አጥንት ነው። መውረድ ስትጀምር ጉልበት ወደ ፊት፣ ዳሌ ወደ ኋላ ይሸሻሉ። ጭንህ ወደ አግድም በተጠጋ ቁጥር ያው ብረት በጡንቻው ላይ እየከበደ ይሄዳል። ጭንህ ከመሬት ጋር ትይዩ በሚሆንበት አካባቢ ሸክሙ ጫፍ ይደርሳል። አንተ ታዲያ ከዚያ በፊት ነው የምትመለሰው። 120ው ለጭንህ ቀላል ነው፤ ለአከርካሪህ ግን ሙሉ 120 ነው፣ የራስህን ክብደት እጥፍ ሊሞላ 8 ኪሎ ብቻ የጎደለው።

ሌላም አለ። ጡንቻ ተለጥጦ ሳለ የሚያርፍበት ጭነት፣ አጥሮ ሳለ ከሚያርፍበት ይልቅ ለዕድገት እንደሚበጅ ባለፉት ዓመታት በተለያዩ ጥናቶች ታይቷል። የፊት ጭንና መቀመጫ የሚለጠጡት ደግሞ ታች ሲደረስ ነው። አንተ የዘለልከው ጉዞ፣ ያ የተንቀጠቀጥክበት፣ ሥጋ የሚጨምረው እሱ ነው።

እዚህ ላይ በአሠልጣኝህ ላይ ቶሎ እንዳትፈርድ። የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጡት አንድ ጥናት አለ። 17 ወንዶችን በሁለት ቡድን ከፍለው ለ10 ሳምንታት፣ በሳምንት ሁለት ቀን ስኳት አሠሯቸው፤ አንደኛው ቡድን ጉልበቱ 90 ዲግሪ እስኪታጠፍ፣ ሌላኛው 140 ዲግሪ እስኪታጠፍ፣ ማለትም እስከ ታች (ቀጥ ያለ እግር ዜሮ ነው፤ ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ጉልበት ይበልጥ ይታጠፋል)። ከዚያ በኤምአርአይ ለኳቸው። የፊት ጭን ላይ ልዩነት የለም ማለት ይቻላል፤ ሁለቱም ወገን 5 በመቶ ገደማ አደገ። ልዩነቱ የወጣው ውስጥ ጭንና መቀመጫ ላይ ነው። ውስጥ ጭን እስከ ታች በወረዱት 6.2 በመቶ ሲያድግ በግማሾቹ 2.7 ብቻ ነው፤ መቀመጫ ደግሞ 6.7 እና 2.2። እነዚያ ግማሽ የወረዱት እኮ ብረታቸው የከበደ ነበር።

ስለዚህ የአሠልጣኝህ 90 ዲግሪ ለፊት ጭን ከንቱ አይደለም። ነገር ግን ሁለት ችግር አለ። አንደኛ፣ ከፊት ሲታይ «ይሄ ልጅ እግር አለው» የሚያሰኘው የፊት ጭን ብቻ አይደለም፤ ውስጥ ጭን ብዙ ሥጋ የሚይዝ ቦታ ነው። ያ ያስቀናህ ልጅ እሱን የሠራው ታች ወርዶ ነው። ሁለተኛ፣ «ሰበር አድርጌ እመለሳለሁ» ያልከው 90 አይመስለኝም። ሰው 120 ተጭኖ 90 ደረስኩ የሚለው አብዛኛውን ጊዜ 50 ወይም 60 ላይ ሆኖ ነው። ያ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። የዴንማርክና የኖርዌይ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጡት ጥናት 60 ዲግሪ ብቻ የሚወርዱትን 120 ዲግሪ ከሚወርዱት ጋር ለ12 ሳምንታት አወዳደሩ። በጥልቀት የወረዱት የፊት ጭናቸው ከላይ እስከ ታች አደገ፤ ጥቂት የወረዱት ግን ላይኛው ክፍል ብቻ ነው የጨመረላቸው። ጥንካሬውም ቢሆን እዚያው ሩብ ውስጥ ተገድቦ ቀረ፤ ለሙሉው ብዙም አልተረፈም። አንተ በ120 ጀግና፣ በ50 የምትንቀጠቀጥ የሆንከው በሌላ ምክንያት አይደለም።

«ጉልበቱን ያጣል» የሚለውስ? ይህ ፍርሃት ዕድሜው ከእኔም ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ1961 ካርል ክላይን የተባለ የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ክብደት አንሺዎችን መርምሮ፣ እስከ ታች መውረድ የጉልበትን ጅማት ያላላል የሚል ድምዳሜ አወጣ። ነገሩ በአሜሪካ በጦር ሠራዊቱና በትምህርት ቤት ስፖርት ሳይቀር ተሰማ፤ «አትውረዱ» ተባለ። በኋላ ሌሎች ተመራማሪዎች በተሻለ መለኪያ ሲደግሙት እሱ ያየውን ሊያገኙት አልቻሉም። ማስተባበያው እንደተለመደው ዘገየ፤ ወሬው ግን ኮዬ ፈጬ ደረሰ። እንዲያውም የጉልበት ሎሚ ላይ የሚያርፈው ጫና የሚከብደው 90 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከዚያ በታች ስትወርድ የጭንህ ጀርባና ባትህ ተገናኝተው ሸክሙን ይጋሩታል። በትልቅ ብረት ልክ 90 ላይ ድንገት ማቆምና መመለስ ከሙሉው የሚያድን ነገር የለውም።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ይህን «አትውረድ» የተባልከው አንተ መሆንህ ነው። ሴራሚክ የሚያነጥፍ ሰው! ቀኑን ሙሉ ቁጢጥ ብለህ የምትውል አይደለህም? እናቶቻችን ልብስ ሲያጥቡ፣ ገበሬው ጥላ ሥር ሲያወጋ ቁጢጥ ነው። ፈረንጅ ዓመት ሙሉ ተለማምዶ የማያገኘውን መታጠፍ አንተ ከልጅነትህ ይዘኸው አድገሃል፤ ጂም ስትገባ በር ላይ አስቀምጠኸው ትገባለህ።

«ታዲያ ቁጢጥ ስል ስውል እግሬ ለምን አልወፈረም?» ትለኝ ይሆናል። ሁለት ምክንያት አለው። አንደኛ፣ ታች ደርሰህ ስትቀመጥ ጭንህ ባትህ ላይ ተደግፎ ያርፋል፤ ጡንቻው ተኝቷል። ሁለተኛ፣ የምትነሳው የራስህን 64 ኪሎ ብቻ ይዘህ ነው፤ ጡንቻህ ያንን ከለመደው ዓመታት አልፈዋል። ትምህርት ቤት ስናጠፋ የተቀጣነው ቁጭ ብድግም እንዲሁ ነው፤ ሃምሳውን ስንጨርስ እግራችን ይንቀጠቀጥ ነበር እንጂ ከዚያ የወፈረ ልጅ አላስታውስም። የሚያሳድገው መውረዱ ከሚጨምር ክብደት ጋር ሲገናኝ ነው። ከዚህ አንድ ነገር ያዝ፦ ብረት ተሸክመህ ታች ስትደርስ እንደ ሥራ ቦታህ ዝርግፍ ብለህ አትረፍ። ውጥረቱን ሳትለቅ ትንሽ ቆም በልና ተነስ።

አሁን ወደ ግራ ጉልበትህ። የፊት ለፊት ሕመም፣ በተለይ ደረጃ ላይ፣ ብዙ ጊዜ የጉልበት ሎሚ አካባቢ መቆጣት ነው። ሳላይህ ይሄ ነው ብዬ አልፈርድም፤ ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። ስታነጥፍ ቁጢጥ ትላለህ ወይስ ግራ ጉልበትህን ሲሚንቶ ላይ ተክለህ ነው? ቀኝ እጅ የሚቀናው ሰው አብዛኛውን ጊዜ አንዱን ጉልበት መርጦ ይተክላል፣ ያንኑም ሲጎዳ ይከርማል። እንደዚያ ከሆነ ከስኳቱ በፊት የሥራህን ነገር አስተካክል። ወፍራም ስፖንጅ ቆርጠህ ጉልበትህ ላይ እሰር ወይም የሚታሰር የጉልበት መከላከያ ግዛ፤ ጉልበትህንም እያቀያየርክ ትከል። ስኳት ላይ ደግሞ መጠነኛ ስሜት ቢኖርና በማግስቱ ጠዋት ከለቀቀህ በዚያው ክብደት ቀጥል። ማግስቱንም ካደረ ክብደት ቀንስ፣ ጥልቀቱንም ለጊዜው እስከማያምህ ድረስ አሳጥር። ጉልበትህ ካበጠ፣ ታጥፎ አልዘረጋ ካለ፣ ወይም ስትራመድ ከከዳህ ግን የእኔን ምክር ተወውና የአጥንት ሐኪም ወይም ፊዚዮቴራፒስት ዘንድ ሂድ። ወጌሻ ይሸው የሚልህ አይጠፋም፤ ያበጠ ጉልበት በመታሸት አይድንም።

አሠራሩ ላይ ልምጣ። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ብረቱን ጀርባህ ላይ ባትጭነው እመርጣለሁ። ዳምቤል (በአንድ እጅ የሚያዝ አጭር ብረት) ካለ እሱን፣ ከሌለ ያንኑ ጀሪካን ደረትህ ላይ አቅፈህ ቁጢጥ በል። ሸክሙ ከፊት ሲሆን ሰውነትህ ቀና ይላል፤ መውረዱ ራሱ ያስተምርሃል። ተረከዝህ ይነሳል? አንዳንድ ሠራተኛ ቁጢጥ የሚለው በእግር ጣቱ ነው፣ አንተም ሳታውቀው እንደዚያ ልትሆን ትችላለህ። ከተነሳ ሁለት ሴንቲ ሜትር የምታክል ጣውላ ከተረከዝህ ሥር አድርግ፤ ነውር የለውም። ጫማህ ሸራ ይሁን። ያ ታቹ እንደ ፍራሽ የሚሰምጥ የሩጫ ጫማ ብረት ለማንሳት አይሆንም።

እግርህን የትከሻህን ስፋት ያህል ወይም ትንሽ ሰፋ አድርገህ፣ ጣቶችህን በመጠኑ ወደ ውጭ አዙር። ጉልበትህ የጣቶችህን አቅጣጫ ይከተል፤ ወደ ውስጥ አይግባ። ከጣትህ ቢያልፍ አትደንግጥ፣ ረጅም ሰው ነህ፣ ማለፉ የግድ ነው። ደረትህም ወደ ፊት ዘንበል ይላል፤ ጭነ ረጅም ሰው እንደ አጭሩ ቀጥ ብሎ ልውረድ ቢል ወደ ኋላ ይወድቃል። በሁለት በሦስት ሰከንድ ቀስ ብለህ ውረድ፤ አትውደቅ። ታች ላይ ወገብህ መጎበጥ የሚጀምርበት ነጥብ ይኖራል። የአንተ ጥልቀት ከእሱ አንድ ጣት ከፍ ብሎ ነው። ያ ልጅ ተረከዙ ጋ መድረሱ የዳሌው አጥንት አፈጣጠር ሊሆን ይችላል፤ አንተ ጭንህ ከትይዩ ትንሽ ዝቅ ካለልህ ለእኔ ሙሉ ነው።

ይህን ሁሉ በመስታወት አታየውም፤ መስታወቱ ፊት ለፊት ነው፣ ጥልቀት የሚታየው ከጎን። ስልክህን ብሎኬት ላይ አስደግፈህ ከዳሌህ ቁመት ቅረጽ። መጀመሪያ የ120ውን ቅረጽና እየው። ከዚያ በኋላ እኔ የምመክርህ ብዙም አይኖርም። ጥልቀቱ ከቀን ቀን እንዳይለዋወጥ ደግሞ የቡና በርጩማ ከኋላህ አስቀምጥ፤ ከፍ ማለት ካለበት የጣውላ ቁራጭ ደርብበት። መቀመጫህ ነካ ሲያደርገው ትነሳለህ፣ አትቀመጥበትም። ሲደክምህ ሳታውቀው እያሳጠርክ ትሄዳለህ፤ በርጩማው ግን አይዋሽም።

በሳምንት ሁለት ቀን ይበቃሃል። ለምሳሌ ማክሰኞና ቅዳሜ ማታ፣ እሑድ ሥራ ስለማትገባ። በ50 ጀምር፤ ሦስት ዙር፣ በየዙሩ ከ8 እስከ 10። «ሁለት ልጨምር እችል ነበር» በምትልበት ላይ ቁም። ሦስቱንም ዙር አሥር አሥር ከሞላህ በሚቀጥለው 2 ኪሎ ተኩል ጨምር፤ ጥልቀቱ ከቀነሰ አልጨመርክም ማለት ነው፣ መልሰው። በዙሮቹ መካከል ሁለት ሦስት ደቂቃ እረፍ፣ አትቸኩል። ብረቱን የሚቀበል ማቆሚያ ከሌለ ብቻህን እስኪያቅትህ አትሥራ፤ ከጎንና ከጎን ሁለት ሰው ይቁምልህ። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ሁለተኛው ቀን ከአራተኛ ፎቅ ስትወርድ ትረግመኛለህ። ከመውጣቱ መውረዱ ይብሳል፤ ያልለመደ ጭን እየተለጠጠ ሲሠራ እንደዚያ ነው። ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ይለቅሃል።

ግማሽ ስኳት ታዲያ ጨርሶ ከንቱ ነው? አይደለም። ዝላይና አጭር ሩጫ የሚሠራ ስፖርተኛ ሩቡን ለራሱ ዓላማ ይጠቀምበታል፤ እግሩ የሚታጠፈው እዚያው አካባቢ ስለሆነ ነው። ከጉዳት የሚያገግምም እስከማያመው ድረስ ብቻ ይወርዳል። አንተም ብትፈልግ አለልህ፣ ግን በግልባጩ፦ የመጨረሻው ዙር ላይ ሙሉው ሲያቅትህ፣ ቀለል ባለ ክብደት ከታች እስከ መሐል ብቻ ሦስት አራት ጊዜ ተመላለስ። ከታች ያለው ግማሽ ነው የሚጠቅመው፤ አንተ ስትሠራ የከረምከው ከላይ ያለውን ነበር።

ይህ ሐሳብ ከሁሉ በላይ የሚሠራው ለባት ነው። ስኳት ባትን እምብዛም አይነካም፤ ሸንበቆ የተባልከው ደግሞ ምናልባት በባትህ ነው። ለዚህ ጂምም አያስፈልግህም፣ ደረጃ አለህ። የደረጃውን ጠርዝ በእግርህ ፊት ብቻ ረግጠህ፣ መደገፊያውን ይዘህ፣ ተረከዝህን ወደ ታች ልቀቀው፤ ባትህ ሲሳብ ይሰማህ፣ ከዚያ ተነሳ። ስምንት ሳምንት በፈጀ አንድ ጥናት ተረከዝ ወደ ታች ወርዶ ባት በተለጠጠበት ክፍል ብቻ የሠሩት፣ ሙሉውን ከሠሩትም ከላይኛው ግማሽ ላይ ከቆሙትም በልጠው ነው የተገኙት። ስለዚህ ላይ ጫፍ ለመድረስ አትጨነቅ፤ ታችኛውን አትዝለል። በአንድ እግር፣ በሌላው እጅ ጀሪካን ይዘህ ብትሠራው ደግሞ ይበልጥ ያምራል። ጎረቤት ቢያይህ ውሃ ይዘህ የቆምክ ይመስለዋል።

የጭን ጀርባም አለ። ያ የጃፓን ጥናት ላይ ሙሉ የወረዱትም ግማሽ የወረዱትም የጭን ጀርባቸው ምንም አላደገም። ያ ጡንቻ ከዳሌም ከጉልበትም ያለፈ ስለሆነ፣ ስኳት ላይ አንዱ ጫፉ ሲሳብ ሌላው ይላላል። ለእሱ ብረቱን በእጅህ ይዘህ፣ ጉልበትህን ትንሽ ብቻ አላልተህ፣ ወገብህን ሳታጎብጥ ዳሌህን ወደ ኋላ እየገፋህ አጎንብስ፤ የጭንህ ጀርባ እስኪሳብ። ሦስት ዙር በቂ ነው።

ስለ ምግብ አጭር እናገራለሁ፣ ግን ደስ አይልህም። በ1 ሜትር ከ78 ላይ 64 ኪሎ፣ ቀኑን ሙሉ አሸዋና ሴራሚክ እያመላለስክ… ወንድሜ፣ ቀጭን እግርህ ብቻ አይደለም፣ አንተው ራስህ ነህ። ደረትህ የሞላው ከሌላው አካልህ ጋር ሲተያይ ነው። ጡንቻ የሚገነባ ሰው በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 1.6 ግራም ፕሮቲን ቢያገኝ ይመከራል፤ ለአንተ 100 ግራም ገደማ ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ አለው። 100 ግራም ደረቅ ምስር 25፣ ለውዝም እንዲሁ 25 አካባቢ። ጾመኛ ከሆንክ ሽሮ ብቻ እየበላህ «ፕሮቲን በላሁ» አትበል፤ ምስሩን፣ ባቄላውን፣ ለውዙን ጨምርና እንጀራውንም አትቀንስ። ጠዋት በሻይ ብቻ ወጥተህ ምሳን ዘጠኝ ሰዓት የምትበላ ከሆነ ደግሞ እንኳን የእኔ ምክር፣ ምንም ዓይነት ስኳት አያወፍርህም።

ጭንህን ዛሬውኑ በልብስ ሰፊ ሜትር ለካ። ከጉልበትህ ሎሚ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብለህ ምልክት አድርግ፣ ጠዋት፣ ሁልጊዜ እዚያው ላይ። በ10 ሳምንት ውስጥ የሚመጣው በዓይን ብዙም የማይታይ ነው፤ ከላይ እንዳየኸው ያን ያህል ተሠርቶ 5 እና 6 በመቶ ነው። ሜትሩ ያሳይሃል፣ መስታወቱ ገና ነው። ያ ልጅም ጭኑን ያገኘው በአንድ ክረምት አይመስለኝም፤ ለመሆኑ ስንት ዓመት እንደሠራ ጠይቀኸው ታውቃለህ?

አሠልጣኝህን ደግሞ ሰው ፊት አትሞግተው። ጆሮ በሚያደነቁር ሙዚቃ መሐል «ጥናት እንዲህ ይላል» ብትለው እሱም ይሉኝታ አለው፣ አይመለስም። ይልቅ ለብቻው ጠጋ በልና «ጋሽ እገሌ፣ ጉልበቴን ትንሽ ስላመመኝ ክብደቱን ልቀንስና ቀስ ብዬ ልውረድ፤ ከኋላዬ ቁሙልኝ» በለው። ውሸት አይደለም፣ አሞሃላ። ከኋላህ ቆሞ ሁለት ወር ካየህ ሌላውን ልጅ «ውረድ እንጂ!» የሚለው እሱ ነው።

ቁምጣውንም ልበስ፣ ከዚሁ ሳምንት ጀምሮ። ለጓደኞችህ ብዬ አይደለም። ሰፊ ቱታ ለብሰህ ስትወርድ ጉልበትህ ወደ ውስጥ ይግባ ወይ ይውጣ፣ በርጩማውን ነክተህ ይሁን ሳትነካ፣ በስልኩም ሆነ ከኋላህ ለቆመው ሰው አይታይም።